የእቁቤን ብር የባትሪ ቅያሪ አክሲዮን ላይ ላውለው? ስንት እጁ ቁማር ነው?

የአቶቴዋ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። እቁብ ወጥቶልኛል፤ 400 ሺህ ብር። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፣ ለጊዜው ዕቃ ሞልቷል። ብሩን ባንክ ባስቀምጠው የኑሮ ውድነቱ ይበላዋል።

ሰሞኑን አንድ በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር ሰው ልኮ አናገረኝ። ስሙን አልጠቅስም። ሥራቸው ለኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ መቀየር ነው። ሹፌሩ ባትሪ ሲያልቅበት ቆሞ አያስሞላም። ጣቢያቸው ይሄዳል፣ ያለቀውን ያስረክባል፣ የሞላውን ይዞ ይወጣል። አንድ የሙከራ ጣቢያ አላቸው። ሄጄ አይቻለሁ፣ ይሠራል። አሁን 40 ባጃጅ ይጠቀማል። በሦስተኛው ዓመት 3000 እንይዛለን ይላሉ።

አንድ አክሲዮን 1000 ብር ነው። ትንሹ ግዢ 50 አክሲዮን። በላዩ ላይ የማይመለስ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ። በጠቅላላ 100 ሺህ አክሲዮን ሲሆን 60 ሺሁ ለሕዝብ ይሸጣል። 40 ሺሁ ለመሥራቾቹ ነው፣ ቴክኖሎጂውን ስላመጡ።

ባለቤቴ "ቁማር ነው" ይላል። ወንድሜ "አሁን ካልገባሽ ይቆጭሻል" ይላል። ሁለቱም አላረኩኝም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ስንት እጁ ቁማር እንደሆነ ነው። የሚለካበት መንገድ አለ?

የፒያሳ ልጅ

መሬት ግዢ። አለቀ።

የአቶቴዋ

በ400 ሺህ ብር ሐዋሳ ውስጥ መሬት ካገኘህልኝ የደላላውን እጥፍ እከፍልሃለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። አብዛኛው ሰው "ያዋጣል ወይ?" ብሎ ነው የሚመጣው።

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥመኝ ዋጋውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንደኛው ዛሬ በእጅ ያለ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ፣ ዕቃ፣ የተፈረመ ውል፣ እየገባ ያለ ገቢ። ሁለተኛው ወደፊት ይሆናል የተባለው ነው። ከምትከፍይው ዋጋ ውስጥ ሁለተኛው ስንቱን ይይዛል? ቁማሩ እሱ ነው።

ያንቺኑ ቁጥር ልጠቀም። 60 ሺሁ አክሲዮን ተሸጦ ቢያልቅ 60 ሚሊዮን ብር ይገባል። አክሲዮኑ ግን 100 ሺህ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አክሲዮን ጀርባ ያለው ገንዘብ 600 ብር ብቻ ነው። አንቺ ከነአገልግሎት ክፍያው 1050 ከፍለሻል። ገና ሥራ ሳይጀመር 450 ብሩ ተስፋ ሆኗል ማለት ነው። ከመቶ 43 ገደማ።

ይኼ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ሐሳብና ዕውቀት ዋጋ አለው። ጥያቄው ዋጋውን ማን ቆረጠው ነው። የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ 1243/2013፣ በገንዘብ ሳይሆን በዓይነት የሚዋጣ ነገር በባለሙያ ይገመት ይላል። የግምቱን ሰነድ ጠይቂ። አንድ ጣቢያ፣ 40 ባጃጅና አንድ ሶፍትዌር 40 ሚሊዮን ብር ያወጣል ብሎ የፈረመው ሰው ማነው? ከመሥራቾቹ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

ሌላው፣ ገንዘቡ የሚገባው የት ነው? በምሥረታ ላይ ላለ ማኅበር በባንክ ዝግ ሒሳብ (ማኅበሩ ሳይመሠረት ማንም የማያወጣበት ሒሳብ) ነው መግባት ያለበት። በአንዱ መሥራች ስም ወይም በቴሌብሩ ላኪ ካሉሽ ከዚህ በኋላ የጻፍኩትን ማንበብ አያስፈልግሽም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ልጨምር። 60 ሺሁ ባይሸጥስ? ኢትዮ ቴሌኮም እንኳ፣ አገር ሁሉ የሚያውቀው፣ በየዓመቱ የሚያተርፍ ድርጅት፣ በ2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር አቅርቦ የተሸጠለት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። እነዚህ 15 ሺህ ብቻ ቢሸጡ 15 ሚሊዮን ብር ገባ። የመሥራቾቹ 40 ሺህ ካልተነካ ጠቅላላው 55 ሺህ አክሲዮን ነው። አንዱ አክሲዮን ጀርባ ያለው ገንዘብ 273 ብር ሆነ። በ1050 ብር የገዛሽው ማለት ነው።

ስለዚህ "አክሲዮኑ ካልተሸጠ የእናንተ ድርሻ አብሮ ይቀንሳል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሳቸውን በጽሑፍ።

የአቶቴዋ

ዝግ ሒሳብ ነው፣ የባንኩን ደብዳቤ አሳይተውኛል። ግምቱን ግን አልጠየቅኩም። ያንን 273 ብር ሳየው ደነገጥኩ።

አዲስ አባል

ይህ ዕድል ሁለት ጊዜ አይመጣም!!! አማዞንን በጥዋቱ የገዙ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ አስቡ። አክሲዮኑ እያለቀ ነው። ፍላጎት ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ እዚህ አባል የሆንከው ዛሬ ጠዋት ነው። እንኳን ደህና መጣህ 😀

አማዞን ከተነሳ ግን እንጨርሰው። ከ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እስከ 2001 ድረስ ዋጋው ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። ያንን ችሎ የቆየ ተጠቅሟል፣ አልክድም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፔትስ ዶት ኮም የሚባል ነበር፤ የውሻና የድመት ምግብ በኢንተርኔት የሚሸጥ። በ2000 መጀመሪያ ላይ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ሁለቱም "ሰው በኢንተርኔት ይገዛል" ነበር ያሉት። ሁለቱም ልክ ነበሩ! አሻሻጭ ግን ሁለተኛውን አያነሳልሽም።

አንድ ልዩነት ደግሞ አለ። አማዞንን የያዘ ሰው ሲጨንቀው በማግሥቱ መሸጥ ይችል ነበር፣ በኪሳራም ቢሆን። አንቺ ለማን ትሸጫለሽ? የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያችን የተከፈተው ገና በጥር 2017 ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በምሥረታ ላይ ያለ የባጃጅ ባትሪ ድርጅት እዚያ እስኪደርስ ብዙ ውኃ ይፈሳል። እስከዚያ ድረስ ገዢሽ ሌላው ባለአክሲዮን ነው። እሱም መውጣት ሲፈልግ ካገኘሽው ምን ትሆኛለሽ?

ባትሪ ሐኪም

መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ አለኝ። ባጃጅ ነው የምሠራው፣ አሁን አሁን ኤሌክትሪኩም ይመጣል። ጣቢያቸውን አይቼዋለሁ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ዳገት ባትሪ አይበላባትም። "ይሠራል ወይ?" የሚለው እንቅልፍ አይንሳሽ። ይሠራል።

እንቅልፍ የሚነሳው ባትሪው ነው። የቴክኖሎጂ ድርጅት ነን ቢሉም ብሩ ሁሉ የሚተኛው ባትሪ ላይ ነው። ባትሪውን የሚገዛው ሹፌሩ አይደለም፣ ድርጅቱ ነው። ለ10 ባጃጅ ደግሞ 10 ባትሪ አይበቃም። ጣቢያ ላይ ሞልቶ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። 13 በይው።

ሙሉ ቀን የሚሠራ ባጃጅ ሁለቴ ይቀይራል እንበል። 20 ቅያሪ ለ13 ባትሪ ስታካፍይው አንዱ ባትሪ በቀን አንዴ ተኩል ይሞላል። 2000 ጊዜ ተሞልቶ የሚያገለግል የሊቲየም ባትሪ ነው ብለን እንያዝ። የተሻለም አለ፣ የባሰም አለ። በ3 ዓመት ከ8 ወር ገደማ አቅሙ ይደክማል። ያውም ሹፌሩ ካልጣለው፣ ፀሐይ ላይ ካልዋለ፣ ጎርፍ ካልገባበት ነው። የአንዳንድ ሰፈር መንገዳችንን በክረምት ታውቁታላችሁ።

እና ዕቅዳቸው ላይ "ባትሪው ስንት ዓመት ይሠራል" ብለው እንደያዙ እዪ። 4 ካሉ አስበውበታል። 8 ካሉ ትርፉ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው

ይኼን እኔ አላሰብኩትም ነበር። በጣም ትልቅ ነገር ነው። የእርጅና ተቀናሹን (ባትሪው ስለሚያረጅ በየዓመቱ እንደ ወጪ የሚያዘውን) በግማሽ ካሳነሱት ኪሳራ የነበረው ዓመት ትርፍ ሆኖ ይታያል። ኦዲተር እስኪደርስበት ድረስ።

ጋሼ ታቦር

ልጆቼ፣ ሁሉንም በጥርጣሬ አትዩ። እኔ ባንክ ሲመሠረት አክሲዮን ገዝቻለሁ። ያኔም "በምሥረታ ላይ ነው፣ ተው" ብለውኝ ነበር። በየዓመቱ ትርፍ ድርሻዬን እየበላሁ ልጅ አስተምሬበታለሁ። የሚፈራ ሰው ምንም አይኖረውም።

ሒሳብ ሠራተኛው

ጋሼ፣ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ያኔ የገዙት ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ባንክ እንዴት እንደሚያተርፍ ከእርስዎ በፊት ይታወቃል። ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረዋል። እርስዎ ሲገዙ ያልታወቀው "እነዚህ ሰዎች ያውቁበታል ወይ?" የሚለው ብቻ ነበር። እዚህ ያልታወቀው ራሱ ሥራው ነው። ሹፌሩ ስንት ይከፍላል? ስንት ሹፌር ይመጣል? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? ይኼን በእኛ ከተማ ሞክሮ የጨረሰ ሰው የለም።

ጋሼ ታቦር

እሱስ እውነትህን ነው።

ከሩቅ ያለሁ

እኔ ውጭ ነው የምኖረው፣ ያደግኩት ግን አረብ ሰፈር ነው። የባትሪ ቅያሪ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሁለት ድርጅት ልንገራችሁ።

አንዱ ቤተር ፕሌስ ነው፣ የእስራኤል። በ2007 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ለመኪና ባትሪ በአምስት ደቂቃ የሚቀይር ጣቢያ ሠራ። ጣቢያው በትክክል ይሠራ ነበር። 850 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። መንገድ ላይ ያወጣው መኪና 1500 አይሞላም። የመኪና አምራቾች ለእሱ ባትሪ የሚስማማ መኪና መሥራት አልፈለጉም፤ እሺ ያለው ሬኖ ብቻ ነበር፣ ያውም በአንድ ሞዴል። የእናንተ ባጃጅ አስመጪዎችስ? ሁሉም አንድ ዓይነት ባትሪ የሚወስድ ባጃጅ ያስገባሉ?

ሁለተኛው ጎጎሮ ነው፣ የታይዋን። ይኼ ተሳካለት። ታይዋን ውስጥ ሞተር ሳይክል ነጂዎች በየመንገዱ ባትሪ ይቀይሩበታል። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ናስዳክ ላይ ሲገባ አክሲዮኑ በ10 ዶላር ተሰልቶ ነበር። በ2024 ከ1 ዶላር በታች ወረደ። ጣቢያው አልተዘጋም፣ ደንበኛውም አልጠፋም። ባለአክሲዮኑ ግን ከ10 ብር 9 ብሩን አጣ።

የመጀመሪያው ታሪክ ሁሉም የሚፈራው ነው። ለእኔ የከበደው ሁለተኛው ነው። ነገሩ ተሳክቶም የገዛሽበት ዋጋ ሊያከስርሽ ይችላል።

በነገራችን ላይ ኪጋሊ አምፐርሳንድ የሚባል አለ፣ ለሞተር ታክሲዎች ባትሪ ይቀይራል። አፍሪካ ውስጥ አይሆንም የሚል ካለ እሱን ይይ።

መምህር

የሐሳቡን ዕድል በቁጥር እንሞክረው። እንዲሳካ መሆን ያለባቸው፦ ባትሪው በታሰበው ዋጋ መግባት፣ መብራት አለመቆራረጥ፣ የባጃጅ ባለቤቶች ወደ ኤሌክትሪክ መዞር፣ የከተማው ፈቃድ፣ ትልቅ ተወዳዳሪ ቶሎ አለመምጣት። ለእያንዳንዱ ከመቶ 70 ዕድል ብትሰጪ (ቸርነት ነው) አምስቱ አብረው የመሆናቸው ዕድል ከመቶ 17 ነው።

ሐይቅ ዳር

መምህር፣ ማባዛቱ የሚሠራው ነገሮቹ ካልተያያዙ ነው። እነዚህ የተያያዙ ናቸው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ሲንሳፈፍ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ያኔ ባትሪ ተወደደ፤ ቤንዚንም ተወደደ። ቤንዚን ሲወደድ ሹፌሩ ወደ ኤሌክትሪክ ይሮጣል። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ በአንድ ውሳኔ ሁሉም አብሮ የሚወድቅበት ነገር። የእኛን ኢንዱስትሪ ፓርክ አስታውሱ። በ2008 ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ሠርግ ነበር። በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ (ያለቀረጥ ዕቃ ወደ እሷ ከምንልክበት ዕድል) ልታስወጣን ስትል ትልቁ ድርጅት ፒ.ቪ.ኤች. ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ሠራተኞቹ አልሰነፉም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። የእነዚህም ሥራ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በሚደገፍበት ፖሊሲ ላይ የቆመ ነው። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ጥሩ። ነገ ደግሞ የባትሪ ቀረጥ ቢጨመርስ? ዕቅዳቸው ላይ ይኼን የሚል አንድ ገጽ አለ?

መምህር

ተቀብያለሁ። 17ቱን ሰርዢው። ዝርዝሩ ግን ይቆይ።

የፒያሳ ልጅ

እኔ የገባኝ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ባትሪ ሐኪም

አይደለም ወንድሜ። ላሟ ምድር ላይ ናት፣ ፒያሳ ቆማለች። ወተቷ ነው ያልታወቀው።

ሒሳብ ሠራተኛው

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕጋዊውን። በካፒታል ገበያ አዋጁ፣ 1248/2013፣ ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ በዝርዝር የሚያስረዳ ሰነድ) ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማጽደቅ አለበት። ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ ወይም ባለቀለም በራሪ ወረቀት መግለጫ አይደለም። እውነተኛው መግለጫ ስለ ሥጋቶች የሚያወራ ክፍል አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ አሰልቺ ነው። እኔ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

የአቶቴዋ

ተመለስኩ። ቢሮአቸው ሄጄ ጠየቅኩ። ጣቢያውም ከሰዓት በኋላ ቁጭ አልኩ፤ ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች አጠገቡ።

መጀመሪያ ቢሮው። ግምቱን የሠራው "የራሳችን ባለሙያ" ነው አሉኝ። ሰነዱን ለማየት መጀመሪያ ባለአክሲዮን መሆን አለብሽ አሉ። አክሲዮኑ ካልተሸጠ የመሥራቾቹ ድርሻ አይቀንስም። የደንበኛ ሳቢ መግለጫው "በሂደት ላይ ነው"። ባትሪው በዕቅዱ ላይ ስንት ዓመት ተይዟል? 7።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር አለ። ቴክኒኩን የሚመራው ልጅ እውነቱን ነገረኝ። ባትሪው በልምዳቸው ከ4 ዓመት እንደማያልፍ፣ ዕቅዱን የጻፈው ሌላ ሰው እንደሆነ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ፊቱ ተለዋወጠ።

ከዚያ ጣቢያው። ልጁ ባትሪዎቹን መደርደሪያ ላይ ሰካክቷቸዋል። አረንጓዴ መብራት ያለውን ይመዛል፣ ሹፌሩ የኋላውን ክዳን ይከፍታል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቅያሪውን በስልክ ይመዘግባል፣ ደግሞ ደብተር ላይም ይጽፋል። ለምን ሁለት ቦታ ስለው "ኔትወርኩ ሲጠፋ" አለኝ። ደብተሩን አገላበጥኩት፣ አልከለከለኝም። ከ40ው ባጃጅ 14ቱ ሰሌዳቸው አጠገብ ትንሽ ኮከብ አለች። እነዚህ ምንድናቸው? የመሥራቾቹና የዘመዶቻቸው ናቸው፤ አይከፍሉም። የቀሩት 26ቱ ይከፍላሉ፣ ግን በሙከራ ዋጋ፣ በግማሽ።

አንዱን ሹፌር "ዋጋው ሙሉ ሲሆንስ?" አልኩት። ሳቀ። "እማዬ፣ ሙሉ ከሆነማ ማታ ማታ ቤቴ እሰካዋለሁ" አለኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው

እህቴ፣ እኔ ያወጣሁትን ስሌት ሁሉ ያቺ ኮከብ በለጠችው። ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ ዛሬ ስንት ነው? ዜሮ። ስለዚህ ያንቺ 1050 ብር ውስጥ በእጅ ያለው የአንቺና የመሰሎችሽ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ሥራው ያመጣው ምንም የለም። ለእኔ ከመቶ ከ43 እስከ 74 ቁማር ነው፤ እንደሚሸጠው አክሲዮን ብዛት ይለያያል።

ባትሪ ሐኪም

እኔ ትንሽ እከራከራለሁ። ሹፌሩ "ቤቴ እሰካዋለሁ" ያለው ግቢ ስላለው ነው። ብዙዎቹ ተከራይ ናቸው፣ አከራይ ቆጣሪ ላይ ባጃጅ አያሰካም። ደግሞ ባትሪ የሌለው ባጃጅ ዋጋው ይረክሳል፤ ለጀማሪ ሹፌር ትልቅ ነገር ነው። ደንበኛ አያጡም። እኔ 400 ሺህ አላስገባም፣ ግን 50 አክሲዮን ገዝቼ ውስጥ ሆኜ ማየት አይከፋኝም። ያ ልጅ እውነቱን መናገሩ ለእኔ ከሰነዱ ይበልጣል።

ሐይቅ ዳር

ያ ልጅ እዚያ እስካለ ድረስ።

ከሩቅ ያለሁ

52,500 ብር ከ400 ሺህ ውስጥ ከመቶ 13 ነው። ዜሮ ቢሆን ሱቅሽ ይዘጋል? የልጅ ትምህርት ቤት ይጎድላል? ካልሆነ ሊታሰብ ይችላል። ግን አሁን አይደለም። መግለጫው ሳይጸድቅ የሚሸጠው እሱ ራሱ ችግር ነው፤ ጥሩ ሥራ ቢሆንም።

የአቶቴዋ

እንደዚያ ነው የወሰንኩት። መግለጫው ጸድቆ እስኪወጣ አልገዛም። ከወጣና የመሥራቾቹ ድርሻ ከተስተካከለ ትንሹን፣ 50ውን ብቻ። ሌላውን የሱቄን የፎቶ ኮፒ ማሽን እቀይርበታለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎች ወረፋ እየሰለቻቸው ወደ ሌላ እየሄዱብኝ ነው። ወንድሜ ተቀይሞኛል፣ ባለቤቴ ደግሞ አሸነፍኩ ብሎ ይዞራል።

የፒያሳ ልጅ

ማሽኑን የት ነው የምትገዢው? ቀለሙን ቶሎ የሚጨርሰውን እንዳትገዢ።

ሒሳብ ሠራተኛው

ሌሎች እንዲህ ያለ ነገር የቀረበላችሁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉ። የአቶቴዋ፣ መግለጫው ሲወጣ የዓይነት መዋጮው ግምት ያለበትን ገጽና የባትሪ እርጅናውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን። 7 የነበረው ወደ 4 ወርዶ ከሆነ ትርፉ ስንት እንደሆነ እኔ አሰላዋለሁ።